«ኮር አይ7 ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ቪጂኤ ልጨምር?» ለመሐል ሜዳው ተጫዋች

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አምና ተመርቄ አሁን መንዝ፣ መሐል ሜዳ ቤተሰቤ ጋር ነኝ። ማታ ማታ ከግቢ ጓደኞቼ ጋር ዶታ 2 እጫወታለሁ። ላፕቶፔ ኮር አይ5-6200ዩ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ። ጌሙ ሲከፈት ሌሎቹ ገብተው እኔ ገና እየጠበቅኩ ነው። ቲም ፋይት (ሁለቱ ቡድኖች ሲገጥሙ) ሲሆን ደግሞ ስታክ ያደርጋል። ፒንጉ አንዳንዴ 100፣ አንዳንዴ 400 ይላል። ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። አንድ ነጋዴ ‹ስድስተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ7፣ ራሙ 16 ጊጋ የሆነ ላፕቶፕ ውሰድ፣ ትገላገላለህ› አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ያገለገለ ዴስክቶፕ ግዛና ባለ 4 ጊጋ ቪጂኤ (ግራፊክስ ካርድ) ሰካበት› ይላል። ካውንተር ስትራይክ 2ንም መጫወት እፈልጋለሁ። የቱ ይሻላል? አገራችን ብርድ ስለሆነ የመጋል ነገር አያሳስበኝም።»

ነጋዴው ውሰድ ያለህን ላፕቶፕ አትግዛ። ከዚህ የምጀምረው ገንዘብህ ሊወጣ የተቃረበው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው።

«ኮር አይ7» የሚለው የፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም። መታየት ያለበት ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥርና መጨረሻው ላይ ያለችው ፊደል ናቸው። ያንተ 6200ዩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚያሰላ ክፍል) እና አራት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዘው የሥራ መስመር) አለው። ስድስተኛ ጄኔሬሽን ሆነው ገበያ ላይ በብዛት የምታገኛቸው አይ7 ላፕቶፖች 6500ዩ ወይም 6600ዩ ናቸው። እነሱም ሁለት ኮርና አራት ትሬድ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ግራፊክስ (ምስሉን የሚስለው ክፍል) ኤችዲ 520 ነው፣ ማለትም አሁን እጅህ ላይ ያለው ራሱ። ልዩነታቸው ጥቂት ፍጥነት ነው፤ ያንተ ሲገፋ እስከ 2.8 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፣ 6500ዩ እስከ 3.1። ለዚያች ልዩነት ያጠራቀምከውን ሁሉ ልትከፍል ነበር። «ዩ» የምትለው ፊደል ፕሮሰሰሩ ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ 15 ዋት ላይ የታሰረ መሆኑን ትናገራለች። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ጥሩ ነው። ለጌም ግን እጁ የታሰረ ሠራተኛ ነው። በአንጻሩ በፈረንጆቹ 2022 የወጣው የዴስክቶፕ አይ3-12100 አራት ኮርና ስምንት ትሬድ አለው፤ «አይ3 ነው» ብሎ የሚንቀው ሰው ብዙ ቢሆንም ያንን ላፕቶፕ አይ7 ጥሎት ነው የሚሄደው። ስለዚህ «አይ7 ነው» ሲሉህ ሙሉ ቁጥሩን አሳዩኝ በል። ቁጥሩን ማሳየት ካልፈለጉ ሌላ ሱቅ ግባ።

ሁለተኛው መታረም ያለበት ነገር «ላግ» የሚለው ቃል ነው። ለሁሉም ነገር ላግ እንላለን፣ ግን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። አንደኛው የኔትወርክ ነው። አንተ ማውሷን ስትጫን ትእዛዙ አገር አቋርጦ ሰርቨሩ (ጌሙን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው፣ ፒንግ የሚባለው። ሁለተኛው የማሽኑ ነው። ኮምፒውተርህ በሴኮንድ ስንት ምስል መሥራት እንደቻለ የሚነግርህ ቁጥር ነው፣ ኤፍፒኤስ የሚባለው። 60 ኤፍፒኤስ ማለት አንዱን ምስል በ17 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይጨርሳል ማለት ነው። 25 ላይ ከወረደ አንዱ ምስል 40 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል፣ ዓይንህም መቆራረጡን ያየዋል። ጀግናህ እየሄደ ድንገት ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ወይም ስኪሉን ተጭነህ ቆይቶ ከወጣ፣ ስክሪኑ ግን ለስላሳ ከሆነ ችግሩ ኔትወርክ ነው። ስክሪኑ ራሱ ከተንተባተበ፣ ማውሷ ሳትቀር ከከበደችህ፣ ማሽኑ ነው። ባንተ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ለዚህ ነው አንድ ዕቃ ገዝተህ ሁለቱንም ማዳን የማትችለው።

ስለዚህ አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት ሦስት ማታ ለካ። ዶታ ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ መረጃ አሳይ የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ስታበራው ኤፍፒኤሱን፣ ፒንጉንና የጠፋውን ዳታ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይጽፍልሃል። ስታክ ባደረገ ቁጥር የትኛው ቁጥር እንደተናጋ ወረቀት ላይ ጻፍ። ይህን ሳያደርጉ ዕቃ ገዝተው ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ችግር ይዘው ደብረ ብርሃን እኔ ጋ የሚመጡ ልጆችን አይቻለሁ። በጣም ነው የሚያሳዝነው፣ ምክንያቱም ያ ብር በቀላሉ የተገኘ አይደለም።

የኔትወርኩን ልጨርሰውና ወደ ማሽኑ ልመለስ። ለእኛ የሚቀርበው የዶታም የካውንተር ስትራይክም ሰርቨር ዱባይ ያለው ነው። አዲስ አበባና ዱባይ በአየር መስመር 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ ከ25 ሚሊ ሴኮንድ በታች አይሆንም። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። ባሕር የለንምና ዳታው መጀመሪያ ወደ ጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ኬንያ ይወርዳል፣ ከዚያ ነው በባሕር ሥር ኬብል የሚቀጥለው። በየመንገዱ ያለው ወረፋ ሲጨመርበት የምታየው 100 የሚያስገርም ቁጥር አይደለም። የትኛውም ራም፣ የትኛውም ፕሮሰሰር ያንን 100 ወደ 30 አያወርደውም። «ፒንግ የሚቀንስ» እያሉ ፕሮግራም የሚሸጡልህንም አትስማ።

400ው ግን ሌላ ነገር ነው። ከ100 ወደ 400 የሚዘል ፒንግ ብዙ ጊዜ ችግሩ ቤትህ ውስጥ ወይም ቅርብህ ያለው አንቴና ጋ ነው። በስልክህ ሆትስፖት ከሆነ የምትጫወተው፣ ዋይፋዩን ተወውና ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ይህች ብቻዋን መዝለሉን የምታስታግስበት ጊዜ ብዙ ነው። ራውተር ካለህ ደግሞ ገመድ ሰካ። ከዚያ ወደ ራሱ ወደ ራውተሩ ፒንግ አድርግ፤ እዚያው ቤት ውስጥ ቁጥሩ ከተናጋ ጥፋቱ የኔትወርክ አቅራቢው አይደለም፣ የቤትህ ዋይፋይ ነው። በምትጫወትበት ሰዓት ታናሽ እህትህ ቪዲዮ እያየች ከሆነ ወይም ዊንዶውስ አፕዴት እያወረደ ከሆነም ያው ነው። ጌሙ ራሱ የሚበላው ዳታ ትንሽ ነው፣ የሚያስቸግረው ከሌላ ጋር መጋፋቱ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዱባይን ብቻ ምረጥ። አውሮፓንም ደቡብ አፍሪካንም አብረህ ምልክት ካደረግክ ሰው ቶሎ ለማግኘት ብሎ ወደ ሩቁ ሊወስድህ ይችላል።

አሁን ማሽኑ። ያንተን ችግር ሳየው መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ፕሮሰሰሩ አይደለም፣ ራሙና ሃርድ ዲስኩ ናቸው። 4 ጊጋ ራም ዶታ ላይ ዝቅተኛው ተብሎ የተጻፈው ነው፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ግን ከ8 ጊጋ ነው የሚጀምረው። ከ4ቱ ውስጥ ዊንዶውስ ድርሻውን ይወስዳል፣ ብሮውዘር ከፍተህ ከሆነ እሱም ይወስዳል፣ የውስጥ ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው እሱም ከዚያችው ላይ ይቆርሳል። ለጌሙ የቀረው አይበቃውም። ሲጎድለው ዊንዶውስ ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ለዚህ ሥራ ቀርፋፋ ነው፣ በጣም ቀርፋፋ። ቲም ፋይት ላይ አምስት ጀግና በአንድ ጊዜ ስኪል ሲለቅ ስክሪንህ ቀጥ የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጌሙ ሲከፈት ከሰው ኋላ የምትቀረውም እንዲሁ።

ሃርድ ዲስኩን በሚመለከት ስለ አንተ አገር ብቻ የሚነገር አንድ ነገር አለ። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አምራቾች ለብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች የሚጽፉት የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,050 ሜትር ገደማ ነው። ምክንያቱም በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃውን የሚያነበው ጭንቅላት ዲስኩን አይነካም፣ በስሱ አየር ትራስ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚያነበው። አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ዲስኩ ይጠጋል። ነገ ይበላሻል ማለቴ አይደለም፣ መንዝ ውስጥ ሃርድ ዲስክ ይዘው ዓመታት የሠሩ ሰዎች አሉ። ግን እዚያ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት ከፍጥነቱ ሌላ ይህም ጥቅም አለው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ የሚንሳፈፍም የለውም።

«አገራችን ብርድ ስለሆነ አይግልም» ያልከውም እንደዚሁ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ኮምፒውተርን የሚያቀዘቅዘው ፋኑ የሚነዳው አየር ነው። እናንተ ጋ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያሻግረው አየር ያነሰ ነው፣ የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ብርዱ ይክሳል፣ እውነት ነው፣ ግን እንደምታስበው አይደለም። ከዚህ በላይ የሚጎዳው ደግሞ አጠቃቀማችን ነው። ማታ ሲበርድ አልጋ ላይ ወጥቶ ባና ተከናንቦ ላፕቶፑን ባናው ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። የላፕቶፕ አየር መሳቢያ ሆዱ ላይ ነው። የበግ ጠጉር ላይ ስታስቀምጠው አፍንጫውን ያዝከው ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንተም «ላግ አደረገ» ትላለህ። ጣውላ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ስድስትና ሰባት ዓመት ያልተከፈተ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ፋኑ ውስጥ አቧራው እንደ ባና ተጣብቆ ነው የምታገኘው፣ ቴርማል ፔስቱም (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ዱቄት ሆኗል። አስከፍተህ አስጠርገው፣ ፔስቱንም አስቀይር። ከሁሉም ጥገና ርካሹ ይህ ነው።

አንድ ነገር ከኮምፒውተር ውጭ ልበልህ። በር ዘግተህ ከሰል ክፍሉ ውስጥ አቀጣጥለህ እየሞቅክ እስከ ሌሊት አትጫወት። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ከሰሉን አውጣው፣ ጋቢ ደርብ።

ራሙ ከተስተካከለና ላፕቶፑ ከተጠረገ በኋላ አሁንም የሚቆራረጥ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ነው ወይስ ግራፊክሱ የሚለውን የምትለይበት ቀላል ፈተና አለ። ጌሙ ውስጥ ገብተህ ሬዞሉሽኑን በጣም ዝቅ አድርገው። ኤፍፒኤሱ ከፍ ካለ የደከመው ግራፊክሱ ነው፣ ምክንያቱም የሚስለውን ሥራ ቀነስክለት። ምንም ካልተለወጠ ግን የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው። እንጀራ ቤት እንደማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ሊጡን ያደርሳል፣ ግራፊክሱ ይጋግራል። ሊጥ ካልደረሰ ሁለት ምጣድ ብትጥድም ባዶውን ይግላል። ዶታም ካውንተር ስትራይክ 2ም ከሌሎች ጌሞች ይልቅ ሊጥ አቡኪው ላይ ይበረታሉ፣ ስለዚህ ውድ ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ ደካማ ፕሮሰሰር ላይ መሰካት እነዚህ ሁለቱ ላይ ብዙ አያዋጣም።

ጓደኛህ «ዴስክቶፕ» ያለው ልክ ነው። «ባለ 4 ጊጋ ቪጂኤ» ያለው ግን አደገኛ ነው። ገበያ ላይ «4 ጊጋ ቪጂኤ» እየተባሉ ከሚሸጡት አንዱ ጂቲ 730 ነው። አሮጌ ነው፣ ሜሞሪውም ብዙውን ጊዜ ቀርፋፋው ዲዲአር3 ነው። ጎተራው ሰፊ ነው፣ በሩ ግን ጠባብ ነው፤ እህሉ በጊዜ አይወጣም። ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ጂቲኤክስ 1650 ብታስቀምጥ እሱም 4 ጊጋ ነው፣ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጊጋው አይደለም የሚገዛው፣ የካርዱ ቁጥር ነው። ለእነዚህ ሁለት ጌሞች 1650 በቂ ነው፣ በጣም ካጠረህ የ2016ቱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይሠራል። ከዚያ በታች አትውረድ።

ለምን እነዚህን ሁለቱን? በኤሌክትሪክ ምክንያት። ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላያቸው ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹ ከ240 እስከ 300 ዋት ናቸው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድም ብዙ ጊዜ የላቸውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ብቻውን 75 ዋት ይሰጣል። 1050 ቲአይም 1650ም በዚያችው ይሠራሉ። ግን ተጠንቀቅ፣ አንዳንድ 1650ዎች ባለ 6 ፒን ገመድ ይፈልጋሉ፤ ካርዱ ራስ ላይ መሰኪያ ቀዳዳ ካየህ ለዚያ ማሽን አይሆንህም። አርኤክስ 580 ርካሽ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ብርቱም ነው፣ ግን 185 ዋት ይበላል። በእነዚህ ዴስክቶፖች ላይ አትሞክረው። «አስማሚ ገመድ አለኝ» የሚል ሰው ቢመጣ እሽ አትበል። የቢሮዎቹ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ቅርጽ አለው፣ ቢቃጠል ከገበያ ማንኛውንም ገዝተህ አትተካውም።

ታዲያ የትኛው ዴስክቶፕ? ስምንተኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ። ይህን የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አይ5-8400 ወይም 8500 ስድስት ሙሉ ኮር አላቸው፣ ከነሱ በፊት የነበሩት የዴስክቶፕ አይ5ዎች አራት ነበሩ። ሁለተኛው ዊንዶውስ 11 ነው፤ በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አልቋል። ዛሬ ስድስተኛ ጄኔሬሽን የሚገዛ ሰው ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው የሚገዛው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060፣ 5060፣ 7060 እና ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 በዚያ ጄኔሬሽን ውስጥ ናቸው። ስሙ ብቻ አይበቃም፣ ቁመናውን እይ። አንድ ሞዴል በሦስት መጠን ይመጣል። ትልቁን፣ ታወር የሚባለውን ነው የምትፈልገው። ቀጭኑ መደበኛ ቁመት ያለው ካርድ አይገባበትም፣ አጭር ካርድ መፈለግ ሊኖርብህ ነው፣ እሱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። መጽሐፍ የሚያህለው ትንሹ ደግሞ ካርድ የሚባል ነገር አይቀበልም። በስልክ ሲሸጡልህ ፎቶውን አጠገቡ ሌላ ዕቃ አስቀምጠው እንዲልኩልህ ጠይቅ።

ራሙ 16 ጊጋ ይሁን፣ ግን አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነባል፣ እነዚህ ጌሞች ላይ ልዩነቱ ይታያል። 16 ካቃተህ ሁለት ባለ 4 ጀምር።

ካርዱን ስትገዛ ስለ ሐሰተኞቹ ልንገርህ፣ እኔም ተበልቼባቸዋለሁና። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ ብዬ 1050 ቲአይ የሚል ሳጥን ውስጥ የታሸገ ካርድ ገዛሁ። ዊንዶውስም 1050 ቲአይ ብሎ አነበበው። ጌም ስንከፍትበት ግን አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ተንበረከከ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ስጭንበት ውስጡ ያለው ከዚያ በፊት የነበረ አሮጌ ካርድ እንደሆነ አወጣው፤ ሶፍትዌሩን ቀይረው ስሙን አሳስተውት ነው። ገንዘቡን ከኪሴ መለስኩ። ስለዚህ ካርድ ስትገዛ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሰካ፣ ጂፒዩ-ዚ ይጫን፣ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ከፍተህ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አሠራው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም የቀለም መስመር ከታየ ተወው። «አሁን መብራት የለም፣ ወስደህ ሞክረው» ካሉህ መብራት ሲመጣ ተመለስ። አዲስ አበባ ሄደህ የምትገዛ ከሆነ ለዚህ ብለህ አንድ ቀን እደር፣ ትራንስፖርቱ ከካርዱ ዋጋ ያንሳል።

ሞኒተሩንም አትርሳ። ርካሽ አሮጌ ሞኒተሮች ላይ ያለው ሰማያዊው የቪጂኤ ገመድ ብቻ ነው (ካርዱን በልማድ ቪጂኤ ከምንለው የተለየ ነው)፣ ከላይ የጠራኋቸው ካርዶች ግን ያንን ማውጫ የላቸውም። ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይ ፖርት ያለው ሞኒተር ውሰድ። 60 ወይም 75 ኸርዝ (ሞኒተሩ በሴኮንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት) ላንተ ይበቃል፤ 144 ኸርዝ ሞኒተር ላይ ብር የምታፈስበት ጊዜ አይደለም።

መብራት። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው ይህን ረስተኸዋል፣ ዴስክቶፕ ስትገዛ ግን ከሁሉ በፊት የምታስበው ይህ ይሁን። ኮምፒውተር የሚገድለው መብራት መጥፋቱ ብቻ አይደለም፣ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ግፊት ነው። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባለ ባትሪ ሳጥን) አትጠቀም። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ወደ 360 ዋት ገደማ ይሸከማል፣ ይህ ማሽን ከነሞኒተሩ ጌም ላይ ሲሆን 200 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፣ ስለዚህ ይበቃል። ግን ዕድሜው ጥቂት ደቂቃ ነው። ጌሙን እንድትጨርስበት አይደለም፣ በሥርዓቱ እንድታጠፋው ነው። ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ዓይነት ምረጥ። መብራት ሲሄድ የግድግዳውን ሶኬት ንቀለው፣ ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ቆይተህ ሰካው። የኮምፒውተሩን ኬዝ ስትነካው የሚነዝርህ ከሆነ ቤቱ ግራውንድ የለውም፣ ኤሌክትሪሺያን ጥራ፣ እንዲሁ አትላመደው።

አሁን ቁርጡን ልንገርህ። መጀመሪያ ሁለት ትንንሽ ነገር ግዛ። ላፕቶፑን አስጠርግ፣ ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ አስገባበት። መጠኑ ከ240 ጊጋ አይነስ፣ ምክንያቱም ዶታ 60 ጊጋ፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ደግሞ 85 ጊጋ ቦታ ይጠይቃሉ። ሳታ (የመሰኪያው ዓይነት ነው) የምለው ያው ኤስኤስዲ ነገ ነቅለህ ዴስክቶፑ ውስጥ ስለምትሰካው ነው፣ ብሩ አይጠፋም። አንድ ባለ 4 ጊጋ የላፕቶፕ ራምም ጨምር፣ ከመግዛትህ በፊት ግን ክዳኑን ከፍተህ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 እይ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በዚህ ዶታን በዝቅተኛ ሴቲንግ በደህና ትጫወታለህ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ላይ አንድም ብር እንዳትጨምር። ካውንተር ስትራይክ 2ን ከኤችዲ 520 አትጠብቅ፣ ብትከፍተውም ደስ አይልህም። ላፕቶፕ ላይ ከውጭ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካ ዕቃ አለ ቢሉህም ተወው፣ የላፕቶፑ ሁለት ኮር ያው ሁለት ኮር ነው።

የቀረውን ብር ለታወሩ አስቀምጥ። ሲሞላልህ በአንድ ጊዜ ሁሉንም መግዛት የለብህም፤ መጀመሪያ ዴስክቶፑ፣ ሞኒተሩና ዩፒኤሱ፣ ካርዱ ቢዘገይ ይዘግይ። አይ5-8500 ውስጡ ባለው ግራፊክስ ዶታን እስከዚያው ያጫውትሃል። 1650ው ሲገባ ካውንተር ስትራይክ 2ንም በዝቅተኛ ሴቲንግ ከ60 ኤፍፒኤስ በላይ ይሰጥሃል። ከባባድ አዳዲስ ጌሞችን በሙሉ ውበታቸው ትጫወታለህ አልልህም፣ አትጫወትም። ግን አንተ የጠየቅከኝ ሁለት ጌም ነው። ዋጋ አልጻፍኩም፣ ምክንያቱም ገበያው ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፤ ይህን ቅደም ተከተል ይዘህ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቅ።

ጌሞቹን በዳታ ለማውረድ ብርህን አትጨርስ። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለ ጓደኛህ ጋር ስቲም (ጌሞቹ የሚወርዱበት ፕሮግራም) ላይ የወረደውን የጌሙን ፎልደር በሃርድ ዲስክ ቅዳ፣ ያንተ ስቲም ውስጥ በቦታው አስቀምጠውና ኢንስቶል በለው። ያለውን ፋይል ይመረምርና የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ዴስክቶፑን ይዘህ ስትወጣ ግራፊክስ ካርዱን ነቅለህ ለብቻው ጨርቅ ጠቅልለህ በእጅህ ያዘው። ካርዱ ከባድ ነው፣ በዚያ መንገድ መንገጫገጭ መሰኪያውን ሊሰብር ይችላል። ኬዙን መኪናው ጣራ ላይ አታስጭን። ቤት ስትደርስም ወዲያው አታብራው። ሌሊቱን በብርድ የመጣ ብረት ሙቅ ክፍል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፣ ቡና የፈላበትና ወጥ የተሠራበት ቤት ከሆነ ደግሞ ይብስበታል፣ ውስጡ የውሃ ጠብታ እያለ መብራት ከሰጠኸው ያጥራል። ክዳኑን ከፍተህ ሦስት አራት ሰዓት አቆየው፣ በእጅህ ዳስሰህ ብረቱ የክፍሉን ሙቀት መያዙን እይ፣ ካርዱን ሰካ፣ ከዚያ አብራው።